«በነፃ እንቀይርልዎ፣ ከቁጠባው ይከፍሉናል» የሚል ውል ልፈርም?

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ 62 ክፍል ያለው ሆቴል አስተዳድራለሁ። የመብራት ቢላችን በወር በአማካይ 260 ሺህ ብር ደርሷል። የጄኔሬተር ናፍጣ ለብቻው ነው። አንድ ድርጅት መጥቶ አምፖሎቹን በሙሉ በኤልኢዲ፣ የየክፍሉን ቦይለር በሶላር እንቀይራለን፣ ካፓሲተርም እንገጥማለን አለን። እኛ ከኪሳችን የምናወጣው የለም። የአምናው ቢል ከዘንድሮው ጋር ተነጻጽሮ ከተገኘው ቁጠባ 70 በመቶው ለ8 ዓመት የእነሱ፣ 30 በመቶው የእኛ ይሆናል። ሕንፃው በባንክ መያዣ ስለተያዘ ተጨማሪ ብድር አናገኝም። ይህ ደግሞ ብድር አይደለም። ብንፈርም ምን ይጎዳናል?»

እንደቀረበልዎ ከሆነ አይፈርሙ። ሐሳቡ ማጭበርበር ስለሆነ አይደለም። በሌላው ዓለም ብዙ ሕንፃ የታደሰበት፣ የተፈተነ መንገድ ነው። ሥራውን የሚሠራው ድርጅት «ኤስኮ» ይባላል፤ ውሉ ደግሞ «ኢነርጂ ፐርፎርማንስ ኮንትራክት»። በአማርኛ «በቁጠባ የሚከፈል ውል» ብንለው ይገልጸዋል። የእርስዎ ወረቀት የተበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ቁጠባው የሚለካበት መንገድ፣ የዓመቱ ብዛት እና እንዲቀየሩ የተመረጡት ዕቃዎች። ሦስቱም ሊስተካከሉ ይችላሉ።

መጀመሪያ «ብድር አይደለም» የሚለውን እናጥራ። አምፖሉን የሆነ ሰው በገንዘብ ይገዛዋል። ድርጅቱ ከራሱ ካዝና ያወጣል ወይም እሱም ተበድሮ ያመጣል። ወለዱ፣ ትርፉና የኪሳራ ስጋቱ ያ 70 በመቶ ውስጥ ተሰልቶ ገብቷል። የወለድ መጠን አልተጻፈም ማለት ወለድ የለም ማለት አይደለም። በሒሳብ መዝገብዎም ቢሆን ነገሩ ላይሰወር ይችላል። ሆቴሉ በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ የሚሠራ ከሆነ፣ ኦዲተሩ ውሉን ኪራይን በሚመለከተው ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ 16 መሠረት እንደ ኪራይ ዕዳ ሊመዘግበው ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት ረቂቁን ለኦዲተርዎ ያሳዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የዚህ ውል ነፍሱ ልኬቱ ነው። ይህ ደግሞ የዛሬ ጣጣ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምስ ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን የእንፋሎት ሞተራቸውን ለእንግሊዝ ማዕድን ቆፋሪዎች ሲያቀርቡ ያስከፈሉት እንዲሁ በቁጠባ ነበር። ሞተሩ ከአሮጌው የኒውኮመን ሞተር አንጻር ከሚያድነው የድንጋይ ከሰል ዋጋ አንድ ሦስተኛውን ይወስዱ ነበር። ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የሚቆጥር መሣሪያም በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ገጠሙ። ያም ሆኖ የኮርንዎል ማዕድን ባለቤቶች ክፍያውን እየተቃወሙ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። የተቆለፈ ቆጣሪ እያለ እንዲህ ከሆነ፣ «የአምናው ቢል ከዘንድሮው ጋር» የሚል አንድ መስመር ስምንት ዓመት ሙሉ ሊያስማማችሁ አይችልም።

ለምን እንደማይችል ሦስት ምክንያት ልንገርዎ። የመጀመሪያው ታሪፉ ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው። ጭማሪው ለአራት ዓመት የተዘረጋ ነው። ፍጆታዎ በ20 በመቶ ቀንሶ ታሪፉ በ25 በመቶ ቢጨምር ቢልዎ ልክ እንዳምናው ይመጣል። በብር ከታየ ቁጠባው ዜሮ ነው። ድርጅቱ ይህን ሳያውቅ የመጣ አይመስለኝም። ስለዚህ ከውሉ ኋላ ያሉትን አባሪዎች በደንብ ያንብቡ። «በወቅቱ ታሪፍ ተስተካክሎ» የሚል ሐረግ ካገኙ፣ ታሪፉ በጨመረ ቁጥር ለድርጅቱ የሚከፍሉትም አብሮ ይጨምራል ማለት ነው። ይህ በራሱ ግፍ አይደለም። የእርስዎም 30 በመቶ አብሮ ያድጋል። ግን ጣሪያ ያስፈልገዋል። ትክክለኛው መንገድ ቁጠባውን በኪሎዋት ሰዓት መለካት፣ ከዚያ ውሉ ላይ በተጻፈ ዋጋ ማባዛት ነው። ዋጋው ከስንት በላይ እንደማይሄድም አብሮ ይጻፋል።

ሁለተኛው የሆቴልዎ ሥራ ራሱ ነው። 62 ክፍል በዓመት 22,630 የክፍል ሌሊት ነው። አምና 45 በመቶ ተይዞ ከነበረ ወደ 10,200 ገደማ ተሸጧል። ዘንድሮ 65 በመቶ ቢያዝ 14,700 ገደማ ይሆናል። እንግዳው ሲጨምር ሙቅ ውሃውም፣ አንሶላ አጠባውም፣ ወጥ ቤቱም ይጨምራል። አምፖሉ ተቀይሮ እንኳ ፍጆታው ከአምናው ሊበልጥ ይችላል። በተቃራኒው ገበያው ከቀዘቀዘ ባዶ ክፍል «ቁጠባ» ሆኖ ይቆጠራል፤ እርስዎም ለቀዘቀዘ ገበያ 70 በመቶ ይከፍላሉ። ወሩን ከወሩ ጋር ማነጻጸርም አይበቃም። ጥር የሰርግ ወር ነው። የካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ እንግዳ ይመጣል። ዐቢይ ጾም ደግሞ ከዓመት ዓመት ቦታ ይቀያይራል። ጾሙ አንድ ዓመት የካቲት መጀመሪያ፣ ሌላ ዓመት የካቲት መጨረሻ ሲገባ የአዳራሹም የወጥ ቤቱም ፍጆታ አብሮ ይዞራል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መብራት ሲሄድ ቆጣሪው ይቆማል። ኃይሉን ግን ከጄኔሬተር እየተጠቀሙ ነው። አንድ ጊዜ የሌላ ሕንፃ የቁጠባ ሪፖርት እንድመረምር ተጠርቼ ነበር። የሁለት ወር ቁጠባ 22 በመቶ ይላል፤ ግራፉም ያምራል። የጄኔሬተሩን መዝገብ አስወጣሁ። ጥበቃው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተቀዳደደ የተማሪ ደብተር ላይ የተነሳበትንና የጠፋበትን ሰዓት አንድ በአንድ ጽፎታል። በዚያ መሐል ትራንስፎርመር ተበላሽቶ ሕንፃው ለቀናት በናፍጣ ነበር የሠራው። ባለቤቱ ናፍጣውንም ከፍሎ ለ«ቁጠባው»ም ሊከፍል ነበር። ያን ደብተር የያዘው ጥበቃ ከሪፖርቱ አዘጋጅ የተሻለ ልኬት ሠርቷል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው በሙያው የታወቀ ነው። አይፒኤምቪፒ የሚባል ዓለም አቀፍ የልኬትና የማረጋገጫ መመሪያ አለ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ከሥራው በፊት ቢያንስ የ12 ወር ፍጆታ፣ ከተቻለ የ24 ወር፣ ከተያዙ ክፍሎች ብዛት ጋር ይያያዛል። ከሥራው በኋላ የሚጠየቀው «አምና ስንት ነበር?» ሳይሆን «ዘንድሮ ይህን ያህል እንግዳ ይዘን፣ ምንም ባንቀይር ኖሮ ስንት ይሆን ነበር?» ነው። በዚህኛውና በእውነተኛው ፍጆታ መካከል ያለው ልዩነት ቁጠባው ነው። ለልኬቱ በዓመት የሚወጣው ወጪ ከዓመቱ ቁጠባ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ የሙያው ልማድ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልግባ፤ ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው።

ከአምፖሉ እንጀምር። ኮሪደርና ሎቢ ላይ ባለ 50 ዋት ሃሎጅን 220 አለ እንበል። በቀን 12 ሰዓት ይበራል። ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ ቢተኩት በቀን 113 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ በዓመት ከ41 ሺህ በላይ ይድናል። ለስሌት እንዲቀል አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር እናድርገው። ወደ 248 ሺህ ብር በዓመት ማለት ነው። አምፖሉ አንዱ 500 ብር ቢሆን ጠቅላላ ወጪው 110 ሺህ ብር ነው። ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ ራሱን ይመልሳል። በቀረበልዎ ውል ግን ከዚህ ቁጠባ 70 በመቶውን ለ8 ዓመት ሲከፍሉ፣ ታሪፉ ባይጨምር እንኳ፣ ወደ 1.39 ሚሊዮን ብር ይወጣል። የ110 ሺህ ብር አምፖል! የእርስዎን ትክክለኛ ቁጥር አስገብተው ደግመው ይሥሩት። ውጤቱ ብዙ አይለወጥም። አምፖል ለመቀየር ማንም ኤስኮ አያስፈልግዎትም። ከአንድ ወር የመብራት ቢልዎ ባነሰ ገንዘብ ያልቃል።

እዚህ ላይ ለድርጅቱም ፍትሐዊ ልሁን። ኤስኮዎች ቶሎ የሚመልሰውንና ዘግይቶ የሚመልሰውን አንድ ላይ የሚያስሩት በምክንያት ነው። የአምፖሉ ትርፍ የቦይለሩን ወጪ ይሸከማል። አምፖሉን ነጥለው ከወሰዱባቸው የቀረው ሥራ ላያዋጣቸው ይችላል። ጥቅሉ በርግጥ ከባዱን ሥራ የያዘ ከሆነ ይህ ክርክር ልክ ነው። የእርስዎ ጥቅል ውስጥ ግን ከባዱ ሥራ በደንብ የታሰበበት አይመስልም። ለምን?

ሙቅ ውሃውን እንየው። አዲስ አበባ ቆላ አይደለችም። እንደ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ሆቴል ኤሲ ቢሉን አይበላውም። እዚህ ትልቁ በላተኛ ብዙ ጊዜ ሙቅ ውሃ፣ ላውንደሪና ወጥ ቤት ነው። 100 ሊትር ውሃ በ40 ዲግሪ ለማሞቅ 4.65 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ የትኛውም ሻጭ አይቀንሰውም። የሚቀነሰው ሙቀቱ የሚመጣበት መንገድ ነው። ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ከአየሩ ሙቀት ስቦ ውሃ የሚያሞቅ ማሽን፣ ያንኑ ውሃ በሲሶው ኃይል ገደማ ያሞቀዋል። ሶላር ፀሐይ ባለበት ቀን በነፃ ያሞቃል፤ በክረምት ግን መደገፊያ ይፈልጋል። በተጨማሪ 62 ቦይለር ቀንና ሌሊት ተሰክቶ ሲውል፣ ማንም ሳይታጠብ እንኳ እያንዳንዱ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በቆርቆሮው በኩል ያባክናል።

ታዲያ «የየክፍሉን ቦይለር በሶላር እንቀይራለን» ሲሉዎ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ቧንቧው በየት ይወርዳል? በየክፍሉ ቦይለር ያለበት ሕንፃ ብዙ ጊዜ ከጣሪያ ወደ ክፍሎቹ የሚወርድ የሙቅ ውሃ መስመር የለውም። ያንን ለመዘርጋት ሻፍት (ቧንቧ የሚወርድበት ቀጥ ያለ ክፍተት) መክፈት፣ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ መስበር፣ ክፍሎችን ለሳምንታት መዝጋት ይመጣል። ያ ወጪና የተዘጋው ክፍል ኪሳራ ውሉ ላይ በማን ስም ተጽፏል? ጣሪያውስ? 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ነው። ታንከሩ ከመውጣቱ በፊት መዋቅሩን የሚያይ መሐንዲስ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ከሌለ ሰዎቹ ቤቱን በደንብ አላዩትም። መስመሩ ከሌለ መጀመሪያ የሚሠራው ሌላ ነው፦ እንግዳ ሲወጣ ቦይለሩን የሚያጠፋ የክፍል ካርድ ወይም ታይመር፣ ውሃ የሚቆጥብ የሻወር ራስ እና የላውንደሪው ሙቅ ውሃ። ላውንደሪው አንድ ቦታ ስለሆነ ሶላርም ሂት ፓምፕም ያለ ብዙ ቁፋሮ ይገጠምለታል። አንድ ጥንቃቄ፦ ለመቆጠብ ብላችሁ የታንከሩን ውሃ ከ60 ዲግሪ በታች አታስቀምጡ። ለብ ያለ የቆመ ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ያራባል።

ካፓሲተሩን በአጭሩ። ካፓሲተር የኪሎዋት ሰዓት ፍጆታን በሚታይ መጠን አይቀንስም። የሚያስተካክለው ፓወር ፋክተርን፣ ማለትም ከመስመሩ ከሚሳበው ኃይል ውስጥ በትክክል ሥራ የሚሠራውን ድርሻ ነው። ቢልዎ ላይ ለዚህ የተጣለ ክፍያ ወይም የከፍተኛ ጭነት ሒሳብ ካለ ይጠቅማል። ከሌለ የሚከፈልበት ቁጠባ የለም። «በካፓሲተር 30 በመቶ ፍጆታ ይቀንሳል» ያለዎትን ሰው በሌላውም ነገር አይመኑት።

የውሉ ዓይነትም መለየት አለበት። የእርስዎ «የጋራ ቁጠባ» የሚባለው ነው። ኤስኮው ገንዘቡን ያመጣል፣ ቁጠባውን ትካፈላላችሁ። ሌላው «የተረጋገጠ ቁጠባ» ነው። ገንዘቡን ባለቤቱ ከራሱ ወይም ከአበዳሪ ያመጣል፤ ኤስኮው ደግሞ በዓመት ይህን ያህል ካልተቆጠበ ልዩነቱን ከኪሴ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። ኒውዮርክ ያለው ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ በ2009 እ.ኤ.አ. የጀመረው እድሳት የታወቀው በዚህ ነው። ጆንሰን ኮንትሮልስ ከተባለ ኩባንያ ጋር በተፈረመ የዋስትና ውል 6,514 መስኮቶች እዚያው ሕንፃ ውስጥ ታደሱ፤ የታቀደውም የኃይል ፍጆታውን በ38 በመቶ መቀነስ ነበር። በርሊን ከተማ ደግሞ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ1,300 በላይ የመንግሥት ሕንፃዎችን በእንዲህ ያለ ውል አሳድሳለች። ከበርሊን የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ሕንፃዎቹን አንድ በአንድ አላቀረበችም፤ በጥቅል አድርጋ ነው ያጫረተችው። ለአንድ ትንሽ ሕንፃ የኦዲት፣ የጠበቃና የልኬት ወጪው ቁጠባውን ይበላዋል። 62 ክፍል በዚህ ሚዛን ትንሽ ነው። ጎረቤት ካሉ ሦስት አራት ሆቴሎች ጋር ሆናችሁ ብትደራደሩ ዋጋውም ይወርዳል፣ የሚመጣውም ድርጅት ይሻላል።

ዋስትና የሰጪው አቅም ያህል ነው። ጆንሰን ኮንትሮልስ ሲፈርም ከኋላው ትልቅ ኩባንያ አለ። እዚህ ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ያለው ድርጅት የስምንት ዓመት ዋስትና ቢፈርም፣ በአራተኛው ዓመት ስልኩ ባይነሳ ማንን ይጠይቃሉ? ስለዚህ የባንክ ወይም የኢንሹራንስ ዋስትና ይጠይቁ፤ ወይም የክፍያውን የተወሰነ ክፍል ልኬቱ እስኪረጋገጥ ይያዙ።

ቁጠባ ደግሞ ዕቃው እንደተገጠመ አይኖርም። የራሳችን አገር ማስረጃ አለ። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ 350 ሺህ ያህል ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች በነፃ ተሰጥተው፣ ውጤቱን የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ገምግመውት ነበር። አንድ ደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ቆጥቧል። በ18 ወር ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ቁጠባ 20 በመቶ ያህሉ ጠፋ። አምፖል ይቃጠላል፣ በሌላ ይተካል፣ ቢል ቀነሰ ተብሎ ሌላ ዕቃ ይሰካል። የእርስዎም ውል «የተቃጠለውን ማን ይተካል? በስንት ቀን?» ለሚለው መልስ ከሌለው ስምንት ዓመት በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

«ብድር አናገኝም» ላሉት፦ በሕንፃ መያዣ አያገኙም ማለት ነው። ሌላ በር አለ። የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንንና ተሰብሳቢ ገንዘብን ጭምር በመያዣነት ለማስመዝገብ ይፈቅዳል። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ኩባንያዎችም ማሽኑን ራሱን ዋስትና አድርገው ያከራያሉ። የላውንደሪ ሂት ፓምፕ ለዚህ የሚመች ዕቃ ነው። ሁሉም አበዳሪ እሺ ይላል አልልዎትም፤ ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ነው። ግን ዋጋው በግልጽ ስለሚነገርዎ ከ70 በመቶው ጋር ማነጻጸር ይችላሉ። በውጭ ምንዛሪ የተሰላ ክፍያ ግን በምንም መልኩ አይቀበሉ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ገባ። የእርስዎ ቁጠባ በብር ነው የሚመጣው።

ሕንፃው መያዣ መሆኑ ሌላም ነገር ያመጣል። ከሕንፃው ጋር ተጣብቆ የተገጠመ ዕቃ የማን ነው? ኤስኮው የእኔ ነው ይላል። ባንኩ ሕንፃውን ቢሸጥ አብሮ ይሄዳል ሊል ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት የባንክዎን ስምምነት በጽሑፍ ይያዙ።

ምክሬ ይህ ነው። አምፖሉን በዚህ ወር በራስዎ ገንዘብ ይቀይሩ። ለቦይለሮቹ ታይመር ወይም የክፍል ካርድ ያስገጥሙ። ለላውንደሪው፣ ለወጥ ቤቱና ለጄኔሬተሩ ለየብቻ ቆጣሪ ያድርጉ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ድርድር የሚቆመው በእነሱ ላይ ነው። ከዚያ ዕቃ የማይሸጥ፣ ፈቃድ ያለው የኃይል ኦዲተር ቀጥረው ሙሉ ጥናት ያሠሩ። ጥናቱን ይዘው ወደዚያው ድርጅት ይመለሱና የሚፈልጉት የላውንደሪና የሙቅ ውሃ ሥራ ብቻ መሆኑን ይንገሯቸው። ከአራት ዓመት አይበልጥ። ቁጠባው በኪሎዋት ሰዓት፣ በተያዘ ክፍል ተስተካክሎ፣ የጄኔሬተሩም ተደምሮ ይለካ። ጠቅላላ ክፍያው የብር ጣሪያ ይኑረው። ልኬቱን ሁለታችሁም የተስማማችሁበት ሦስተኛ ወገን ያረጋግጥ። በየዓመቱ መጨረሻ ውሉን ከፍለው መውጣት ቢፈልጉ ስንት እንደሚከፍሉ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይያያዝ፤ ሲያልቅ ዕቃው የሆቴሉ ይሁን።

ድርጅቱ «ያለ አምፖሉ አያዋጣንም» ካለ ሂሳቡን ከፍተው እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ካሳዩዎ ለመነጋገር የሚበቁ ሰዎች ናቸው። እስከዚያው ድረስ ግን ከነገ ጀምሮ አንድ ደብተር ይክፈቱ፦ ቀን፣ የቆጣሪ ንባብ፣ የተያዙ ክፍሎች፣ ጄኔሬተሩ የሠራበት ሰዓት፣ የገባ ናፍጣ በሊትር።